የእድራችን ቦንድ

ማክሰኞ

ዛሬም ከአዲስ አበባ የቦንድ ደላላው ደወለ። "ሰማንያ ስምንት፤ ከዚህ በላይ የሚሰጥ የለም" አለኝ። መቶ ብር የገዛነውን! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በኋላ አፈርኩ። እሱ ምን አጠፋ?

የእድር ገንዘብ ያዥ መሆን ድሮ ክብር ነበር። አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ "ቦንዱስ?" ይላል። በቅርቡ የወይዘሮ አማረች ባል ሲያርፉ ባንክ የነበረችን ብር ለእሳቸው ለቅሶ ወጥታ አለቀች። የቀረን ቦንዱ ብቻ ነው። አባዬን ደግሞ ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት ብሎናል።

ረቡዕ

በባጃጅ አመጣነው፣ በዝናብ። መላ ሰውነቱ አጥንት ብቻ ሆኗል።

ከሰዓት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሸምሱ ሊጠይቁት መጡ። ሲወጡ መስኮቱ ስር አቆሙኝ። "ቦንዱን የሸጠልን ኩባንያ ወለዱን ሳያጓድል እየከፈለ እንዴት ይረክሳል?" አሉኝ። ለስንተኛ ጊዜ አስረዳሁ። የእኛ በመቶ ብር በዓመት አስር ይከፍላል። አሁን የሚወጡት አዳዲሶቹ አስራ አምስት ይከፍላሉ። ታዲያ የእኛን በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ሞኝ ማን አለ? ቀንሰን ካልሰጠን ማንም አይነካውም። ጊዜው እስኪሞላ ከጠበቅን ግን ኩባንያው መቶውን ሙሉ ይመልሳል። ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

እኔማ የሦስት ወሩን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ እንግዛ ብዬ ነበር። ወለዱ ያንሳል ብለው በድምፅ ጣሉኝ። ለእድር የአምስት ዓመት ቦንድ! ሟች ቀጠሮ የሚይዝ ይመስል።

ሐሙስ

አባዬ ትናንት በመስኮቱ ሰምቶናል።

"ያ ወረቀት ስንት ዓመት ቀረው?" አለኝ። ሦስት አልኩት። "ለእኔ ብላችሁ እንዳይሸጥ። የሰው ብር ነው። ማይልኝ" አለ።

ተናደድኩበት። የሚሞት ሰው ስለ ቦንድ ዋጋ ያስባል? ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ማልኩለት።

ግን እማዬ ለቀስተኛውን በምን ልታስተናግድ ነው? ከገጠር፣ ከኮንጋ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ብሸጥ ደግሞ ለአባቷ ሲሆን ሸጠች ይሉኛል። አውቃቸዋለሁ።

ቅዳሜ

አባዬ ሞተ። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ማክሰኞ

እሁድ ቀበርነው። እህሉም ዘይቱም ከአቶ ሸምሱ ሱቅ በዱቤ መጣ። ዱቤው ያስጨንቀኛል። ከቀብሩ ወዲህ እንባ የሚባል አልመጣልኝም።

ዛሬ አቶ ሸምሱ መጡ። ቦንዱ ያለ ገንዘብ ያዥ ፊርማ አይሸጥም፤ ፈርሚ ሊሉኝ ነው ብዬ "ምያለሁ፣ አልፈርምም" የሚለውን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። እሳቸው ግን ምንም ወረቀት አላወጡም።

"ሐዘንተኛ የእድር ሥራ አይሠራም፣ ደንባችን ነው" አሉኝ። "ትናንት ተሰብስበን ምክትልሽ ፈረመ። ተሸጠ።"

"ማነው ሽጡ ያለ?"

"አማረች። 'የእኔ ባል ሙሉ ተከፍሎታል፣ የእሷ አባት ለምን ይጎድልበታል?' ስትል ሁሉም እጁን አወጣ።"

"በስንት?"

"በሰማንያ ሰባት።"

ጮህኩባቸው። ባለፈው ማክሰኞ እኮ ሰማንያ ስምንት ነበር! እንዴት አትደራደሩም? እኔን አትጠይቁም? አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። እማዬ ውሃ ይዛልኝ ስትመጣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ማቆም አቃተኝ።

ቃሌን ያጠፉልኝ እነሱ ናቸው። እኔ ብሆን ለአባዬ ምዬ መፈረም አልችልም ነበር። እግዜር ይስጣቸው።