የአንተ ኮት፣ የእኔ ድምፅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ አባት፣ ኩርፊያው እንኳ ለሚናፍቀኝ ባለቤቴ፤

ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ትለየዋለህ። ደህና አይደለሁም። አንተስ? የሥራ ቦታህ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የሱፍ ካልሲዎችህ እዚህ ቀርተዋል፤ ባየኋቸው ቁጥር አጣጥፌ መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ። አየህ፣ ተናድጄብህም ስለ እግርህ አስባለሁ። እንዲህ ያለሁ ጅል ነኝ።

"ወይ መድረኩን፣ ወይ ልጅሽን" ብለህ ድንቡሼን ለእናትህ ሰጥተህ ሄድክ። ቴአትሩ ስለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀኝ! ልንገርህ እንግዲህ። ከአንድ የድሮ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ የጻፈችውም ሴት ናት። አንድ ሰው እኩሌታ ዕድሜውን ወንድ ሆኖ ይኖርና አንድ ቀን ሲነቃ ሴት ሆኖ ይገኛል። ሁለቱንም የምጫወተው እኔ ነኝ። አዘጋጁ አንድ ዘዴ አመጣ፤ በመጀመሪያው ክፍል ኮት ለብሼ የምናገረውን፣ በሁለተኛው ክፍል ቀሚስ ለብሼ ቃል በቃል እደግመዋለሁ። በኮቱ ጊዜ ሌሎቹ ተዋንያን ጸጥ ብለው ይሰሙኛል። በቀሚሱ ጊዜ ያቋርጡኛል፣ ወንበር ይጎትታሉ፣ እርስ በርስ ያወራሉ። ኮቱ የአንተ ነው፤ በሩ ጀርባ ሰቅለኸው የሄድከው ቡናማው። አዘጋጁ "ይህን ወንድነት ከየት አመጣሽው?" ቢለኝ "ቤቴ ነበር" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። አረማመድህን፣ ከመናገርህ በፊት የጉሮሮህን አጠራረግ ሳይቀር ወስጄብሃለሁ።

ግን ተሸንፌ ነበር፤ እውነቴን ነው። ልጄ ከምትቀርብኝ መድረኩ ይቅርብኝ ብዬ ቆረጥኩና ሰኞ ጠዋት ለእናትህ ደወልኩ። "እማማ፣ ቴአትሩን ልተ..." ከማለቴ "አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ደገምኩ፣ ዘጉ። ሠለስኩ፣ ዘጉ። እጅ ልስጥ ብል እንኳ የሚቀበለኝ ጠፋ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ማታ ልምምድ ስገባ ኮቱን ለብሼ በቴአትር ቤቱ ስልክ ደወልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና በዚያ በወፍራሙ ድምፅ፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅቷ አስተማሪ ነኝ" አልኩ።

"ውይ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? እንደምን አመሹ! አንዴ ይጠብቁኝ፣ አሁን ትመጣለች!"

ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

ድንቡሼ መጣች። በዚያው ድምፅ "ደህና ነሽ ወይ?" አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ጮክ ብላ "ደህና ነኝ ቲቸር!" አለች። ቆየት ብላ፣ አያቷ ራቅ ሲሉ መሰለኝ፣ በሹክሹክታ፣ "እማ፣ አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ። በራሴ ድምፅ "አዎ የኔ ዓለም" ልላት አፌን ስከፍት፣ "እንዳትለውጪው! ወንድ ሆነሽ ቅሪ። እንደዚህ ስትሆኚ ስልኩን ይሰጡኛል" አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ! እኔ ነኝ ያስተማርኳት ልበል ወይስ አንተ?

ቴአትሩን ልተው ቆርጬ ነበር አልኩህ። አሁን አልችልም። ልምምዱን ካቆምኩ ያ ድምፅ ይጠፋብኛል፤ እሱ ከጠፋ ልጄን በምን ላግኛት? አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፣ በሞቴ! ለእናትህ አንዲት ቃል ተናገርልኝ፤ አንተን ይሰማሉ። በራሴ ድምፅ "ልጄ" ልበላት። የመድረኩን ነገር ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ሳታቋርጠኝ ከሰማኸኝ።

እግርህን ከብርድ፣ ልብህን ከጭካኔ ይጠብቅልኝ። ካልሲዎቹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ኮቱን ግን አልልክም፤ ነገ ማታ ለብሼው እደውላለሁ።

የድንቡሼ እናት