በአንድ ስም የኖረ መጽሔት

ለውድ አባቴ ለአቶ ከፈለ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በርትቶልዎታል? እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው ልጆችዎ፣ እሱ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ከእኛ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ባለው የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ውስጥ አሁንም እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ድሮ ለንደን በየወሩ ይታተም የነበረ የእንግሊዝ መጽሔት ጥራዝ መጣልን። ዕድሜዎን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ስለኖሩ፣ ይህን ሳላጫውትዎ አላልፍም። የመጽሔቱ መሥራች በአዘጋጅነት ያተመው ስም የፈጠራ ስም ነበር። እሱ ሲሞት ሌላው፣ ያም ሲሞት ሌላው፣ በዚያው ስም ሲያዘጋጁት ኖሩ። አንባቢውም ለዚያ ስም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አለቃዬ ይህን እየሳቀ ሲነግረኝ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «የምናሴ የእጅ ጽሑፍ ያንቺን እየመሰለ መጣ» ብለውኛል። ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን እርስዎ ስለሆኑ ይሆናላ! ወንድሜ ያልደወለልዎ ሥራ በዝቶበት ነው። መኪናው እንዳቆማት ፓርኪንግ ላይ ናት፤ በረዶ ሲጥል እጠርግለታለሁ። ለሥራዬ የሚቀርብ አፓርትመንት አግኝቼ ነበር፤ ተውኩት። ሲመጣ እሱ የሚያውቀው ይሄንን በር ነው።

ምናሴ «አባዬ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ፣ ደህና ነኝ» ብሏል። በሚቀጥለው ደብዳቤዎ እሱን ብቻ ጠበቅ አድርገው ይመርቁት። የእኔ ይቆየኝ።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ልጆችዎ፣
ምናሴና ዮሐና