ስለ ሟቹ ባለቤቴ ሞተር ሽቦዎች

(በኅብረት ሱቁ በር ላይ የተለጠፈ፤ የስኳር ሰልፍ የያዘ ሁሉ ሊያነበው ይችላል)

ለተከበሩ ጓድ ማዘንጊያ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የድሬ ሙቀት እንዳይጎዳዎት፣ ከስብሰባው ብዛት ድምፅዎ እንዳይዘጋ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ሞተር ሳይክሌ በቀበሌው እጅ ከገባ ሃያ ሦስተኛ ቀኑን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፤ የአብዮት ጥበቃውን ጓድ ክፍሉን ወደ ቤቴ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ክላክስ፣ ፍሬቻና ሁለተኛ የፊት መብራት በገዛ እጄ መግጠሜን አይተው፣ ፍሬቻው ሲበራ ቀጭ ቀጭ የምትለውን ትንሽ ቆርቆሮ ጆሯቸውን ደቅነው ካዳመጡ በኋላ፣ «እትዬ ሽታዬ፣ ይሄ ነገር ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከኋላ ከሚመጣው መኪና ጋር» አልኩ። ይህች መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ «የመገናኛ ሬዲዮ እንዳላት አምናለች» ተብላ ሰፍራ ሳነብ፣ በጓድ ክፍሉ የድርሰት ችሎታ ተገረምኩ።

ሁለተኛ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይነካካ በጥቁር ፕላስተር ስጠቀልላቸው የከረምኩትን ሽቦዎች በሙሉ በካራ ስላስቆረጡልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ በሺር በዚያ ሞተር ከቀፊራ ገበያ እህል እያመላለሰ የእሱም የእኔም ቤት ጾሙን አያድርም ነበር። ዛሬ ጆንያውን ተሸክሞ በደጄ ሲያልፍ፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ ፍሬቻ ሳላሳይ ልታጠፍ ነው፣ እንዳትከሺኝ» እያለ ያሾፋል። ቤቱ ግን እንደ ቀልዱ አልጠገበም።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ዓመት ስለሰጡኝ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ዛሬም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሣህሉ በባቡሩ ወርክሾፕ ሲሠራ ስለ ኤሌክትሪክ በእጁ የጻፈው ደብተር ነበረው። እሱ ከሞተ በኋላ የፊደል ገበታ ገዝቼ፣ ከዚያ ደብተር ጋር አንድ በአንድ እያመሳከርኩ ብቻዬን ማንበብ ተማርኩ። እናንተ ስትደርሱ የቀረኝ መቆጠር ብቻ ስለነበር ቆጠራችሁኝ።

አራተኛ፤ ሞተሩ እንዲለቀቅልኝ፣ ሽቦዎቹ የሬዲዮ ናቸው ብዬ እንድፈርም ያዘጋጁልኝን የግለ ሂስ ወረቀት ሳልፈርም መልሻለሁ። ወደፊትም አልፈርምም።

ግለ ሂስ ከተፈለገ የራሴ አለኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት የሞተሩ ፊውዝ ተቃጠለና ሣህሉ ከቀፊራ አዲስ ግዢልኝ ብሎ አደራ አለኝ። ረሳሁት። መርሳቴን መንገር አፍሬ፣ የተቃጠለውን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ ሰካሁና «አዲስ ነው» አልኩት። ብርማው ወረቀት እንደ ፊውዝ ቀድሞ አይበጠስም፤ በእሱ ፈንታ የሚቀልጠው ሽቦው ነው። ሣህሉ አመሻሹ ላይ ከሁርሶ ሲመለስ፣ ደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ መብራቱ በአንዴ ጠፋበትና ቁልቁል ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ወደቀ። ለቀስተኛው ሁሉ «ፍጥነት ገደለው» ሲል እኔ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን መብራት የገጠምኩት፣ የራሱን ሽቦና የራሱን ፊውዝ የሰጠሁት፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ባሌን ገድያለሁ የሚል ወረቀት ካመጡልኝ እፈርማለሁ። ሬዲዮ አለኝ የሚል ካመጡ ግን እስር ቤቱን ያሳዩኝ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ የማልጠይቅ፣ ሞተሬን ከነሽቦው የምጠብቅ፣ ለወንበርዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ለወንበርዎ የማቀርብ፣

ሽታዬ፣ የሣህሉ ሚስት
ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 1973 ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ትናንት ለምርመራ ስጠራ ሞተሬ ከቀበሌው ደጅ ቆሞ አየሁት። ጓድ ክፍሉ የቆረጧቸውን ሽቦዎች መልሰው ጠምዝዘው እርስዎ እንዲነዱት አድርገውታል። የጎኑ ክዳን ተከፍቶ ስለነበር፣ በፊውዙ ቦታ የእርስዎ ሲጋራ ብርማ ወረቀት ሲያብለጨልጭ ተመለከትኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ አንድ አዲስ ፊውዝ በፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ሞተሩን እስኪመልሱልኝ ድረስ እሱን ይሰኩት። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘነበች ማንበብ መማር እንደሚፈልጉ ሰልፍ ላይ አጫውተውኛል። እኔ በተማርኩበት መንገድ እንዲማሩ አልፈልግም።