የሰጡኝ ቤት ዋጋ

ይድረስ ለአባባ፤

ከተለዩን ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ነፍስዎን በገነት ያኑርልኝ እንጂ፣ ጥለውብኝ የሄዱት ጣጣ ሐዘኔን እንኳ በወጉ አላስጨረሰኝም።

ከማለፍዎ በፊት የኮልፌውን ቤት በስጦታ ሰጥተውኝ የለ? ስሙን ወደ እኔ ለማዞር ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ስጦታም ግብር አለው አሉኝ። ሰጪው ሰጠ፣ ተቀባይዋ ተቀበለች፣ መንግሥትን መሐል ምን ጥልቅ አደረገው ብዬ ተሟገትኩ። ጸሐፊው፣ ግርማዊነታቸው ከግድግዳው ላይ እያዩን፣ በትዕግሥት አስረዱኝ። ቤት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ በሽያጭም ይሁን በስጦታ፣ በግምቱ ልክ ይከፈልበታል። ከዚያ በውሉ ላይ የሰፈረውን ግምት አነበቡልኝ፤ ስድስት ሺህ ብር። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አባባ፣ ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሦስት ባልዲ የምንደቅንበት የጭቃ ቤት?

የግምቱን ነገር ያስረዱኝ ከአራቱ የውሉ ምስክሮች አንዱ፣ ጋሽ ደበበ ናቸው። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ገበያ ላይ ብርድ ልብስ ሲሸጡ እጥፍ ጠርተው ግማሹ ላይ የሚያርፉ ሰው ነበሩ። ለስጦታው ውል ግምት ሲጠየቁም እንደ ልማድዎ እጥፉን ጠሩና ጸሐፊው ቀንሱ እስኪሉዎት ጠበቁ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ጻፉት። በስንት ዘመን አንዴ የማይከራከር ደንበኛ ቢያገኙ የመንግሥት ሠራተኛ ይሁን?

ካልከፈልኩ ስሙ አይዞርም። ስሙ ባለመዞሩ ደግሞ ታናሽ ወንድምዎ፣ አጎቴ፣ የወንድሜ ቤት እያሉ በር በሩን ማየት ጀምረዋል።

ጸሐፊው መላ አላጡልኝም። ገማች መጥቶ ቤቱን ያያል፤ ዝቅ አድርጎ ከገመተው፣ አባቴ የተናገሩት ዋጋ የተጋነነ ነው ብዬ ፈርሜ ግብሩ ይቀነስልኛል። ገማቹ መጡ። ያዘመመውን ግድግዳ፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ አልዘጋ ያለውን በር አንድ በአንድ አሳየሁ። በቤታችን ላይ ያን ያህል ነቀፋ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እንደ እርስዎ ግማሹ ላይ አረፍን።

ልፈርም በሄድኩበት ቀን ጋሽ ደበበ አብረውኝ ነበሩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ያን ዕለት፣ ጸሐፊው ጽፈው ሳይጨርሱ፣ ጋሽ ደበበ ራሳቸው፣ በዝቷል፣ አስቀንሰው ብለው በጆሮዎ ሹክ ብለውዎት ነበር። እርስዎም ለልጄ የምሰጠውን አላረክስም ብለው እምቢ አሉ። ለካ እርስዎ አንድ ጊዜ በአዘቦት ቀን ሥጋ ገዝተው እየዘፈኑ ቤት የገቡት ያን ዕለት ነው።

አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ከፋይዋ እኔ ነኛ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩና የአንገት ወርቄን ሸጬ ሙሉውን ከፈልኩ። አሁን ካርታው በስሜ ነው፤ አንገቴ ላይ የቀረው ማተቤ ነው። አጎቴም ሲያልፉ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥተውኝ ይሄዳሉ።

እስካለሁ ድረስ፣ የቤቱን ዋጋ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እርስዎ የጠሩትን እነግራለሁ። የፈለገ ይከራከር፣ አልቀንስም።

ልጅዎ አስካለ