ከሁሩሙ የተመለሰች መኪና

ይድረስ ለልጄ ሙፊዳ፣ ሰመራ። አሰላሙ አለይኩም፤ እኛ አልሐምዱሊላህ አለን።

እናትሽን ወደ ጅማ ሆስፒታል ስወስድ መኪናችን ከሁሩሙ ወዲያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀርታ ዳገቱን አልወጣም ስላለች ተመለስን። መካኒኩ ሙራድ በኮምፒውተር መርምሮ የአውቶማቲክ ካምቢዮውን የብልሽት ኮድ ሁለት ጊዜ አጠፋው፤ ሁለቴም ተመለሰ። «ጋሼ፣ መሣሪያው ሰፈሩን ነው የሚነግረን፤ ቤቱን የምናንኳኳው እኛ ነን» አለኝ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሲለካ ቆይቶ በአሥረኛው ቀን የተበላውን አግኝቶ ቀየረው።

ትናንት ኋላ ወንበር ላይ ትራስ ደርድሬ እናትሽን ስጠራት፣ «መምህር፣ መኪናዋን አድነሃታል፤ እኔን ከአልጋዬ አታንሳኝ» አለችኝ። ትራሶቹን አላነሳሁም። ፈቃድ ከሰጡሽ በዚህ ሳምንት ነይ፤ በደሌ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

አላህ በደህና ያገናኘን።
አባትሽ እንድሪስ፣ ከመቱ