ያነጠሰው እሽግና ቀኝ ዓይኔ

ጥር 9

ፖስተኛውን ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ ባሕር ላይ ለቀቅኩት። ጋሼ «አፍንጫውን አሳንሺለት፣ ገንዳውን ያሰምጠዋል» ይላሉ። አፍንጫው ካነሰ ልጆቹ በምን ይሳቁ? እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ እስላለሁ፣ መሃል ላይ እንጨቃጨቃለን። ጡረታ ወጥተውም የአስተማሪ አመል አልለቀቃቸውም።

መጽሐፉ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ማንበብ ለሚጠሉ ልጆች ነው። ጥቂት ቃል፣ ብዙ ሥዕል፣ በየገጹ አንድ የሚወድቅ ሰው። የዘንድሮው ጀግና ውሻ የሚፈራ፣ ውሃ የሚፈራ፣ ደረጃ የሚፈራ ፖስተኛ ነው። ተራራ ላይ ለሚኖር ግዙፍ ሰውዬ እሽግ ያደርሳል። ቦርሳው ውስጥ ያለችው ዶሮ ታዘዋለች። እሽጉ ደግሞ መንገድ ላይ ያነጥሳል። ውስጡ ምን እንዳለ ጋሼ ገና አልነገሩኝም።

ልጄ ቁንጫ ከትምህርት ቤት ገብታ ሥዕሉን አየችና ወለሉ ላይ ተንከባለለች በሳቅ። «እስቲ ከሥር ያለውን አንብቢልኝ» ስላት «ራበኝ» ብላ ወጥ ቤት ገባች። የራሴ ልጅ! ለሰው ልጅ መጽሐፍ እሠራለሁ፣ የኔዋ መጽሐፍ ስታይ ይርባታል።

አንድ ዝንብ ቀኝ ዓይኔ ሥር ስትዞር ዋለች። እጄን አወናጨፍኩ። ዝንብ የለም።

ጥር 11

ዝንቦቹ በዙ። ጭንቅላቴን ሳዞር ጥግ ላይ ብልጭ ይላል... የሆነ ሰው ተደብቆ ፎቶ የሚያነሳኝ ይመስል። ለባሌ ነገርኩት። «ድካም ነው፣ ወረቀት ላይ ተደፍተሽ ውለሽ» አለኝ። ድካም ይሆን? ይሁንልኝ።

ጥር 12

ዝንቦቹ አሁንም አሉ።

ጥር 14

የዶሮዋ ጅራት ጠፋ።

ጠዋት ስሠራ ነው። ሳልኩት አይደል እንዴ ብዬ ወረቀቱን ገፋ ሳደርገው ጅራቱ ቦታው ላይ አለ። መልሼ ስስበው የለም። ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ቀኜ ከታች በኩል ጨልሟል፤ ጥቁር መጋረጃ ወደ ላይ የሚሳብ ይመስላል። ግራዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰነፍ ነው፣ ጭጋግ ነው የሚያሳየኝ። እስከ ዛሬ ቀኜ ነው ያበላኝ።

ባሌ የአውቶብስ መካኒክ ነው። ስደውልለት ከነዘይት ልብሱ መጣ። መኪና ውስጥ መሪውን በጣቱ ይመታል። እሱ እንዲህ ሲሆን ይበልጥ እፈራለሁ።

የዓይን ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ። ብዙ ካየችኝ በኋላ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሥዕል ነው።»

መመርመሪያ መብራቷን አጠፋች።

«በዓይንዎ ውስጥ፣ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቅቋል። እርጥበት የነካው የግድግዳ ወረቀት እንደሚለቀው ያስቡት። ነገ በቀዶ ጥገና መልሰን እናጣብቀዋለን።»

«አያለሁ?»

«ያያሉ። ምን ያህል እንደሚያዩ ግን ዛሬ ብነግርዎ መዋሸት ነው።»

ቤት ስገባ ቁንጫ «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «ዓይኔን ሊያጥቡልኝ ነው» አልኳት።

ጥር 15

ከመሄዴ በፊት ነው። ፊደሉን ተለቅ አድርጌ እየጻፍኩ ነው። ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 18

በደረቴ ተደፍቼ፣ ግንባሬን ቀለበት የመሰለ ትራስ ላይ አሳርፌ፣ ወረቀቱን ወለሉ ላይ አድርጌ፣ በሰነፉ ዓይኔ። ይህ ጽሑፍ ከሆነ...

ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ሞልተውበታል። እሱ ሽፋኑን ደግፎ እንዲይዝ ፊቴ ወደ መሬት መሆን አለበት። ስበላም ስተኛም። ቀና ካልኩ ሊላቀቅ ይችላል። ለመታጠቢያ ቤት እንኳ አጎንብሼ ነው የምሄደው።

ሰው ሁሉ እግር ሆኗል። ባሌ ጥቁር ጫማ፣ ማሰሪያው ዘይት የጠጣ። ቁንጫ ባዶ እግር፣ አውራ ጣቷ ላይ ቀለም። ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንዱ ካልሲያቸው ቡኒ፣ ሌላው ሰማያዊ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አላየሁም ነበር። መሳቅ ፈለግኩ፣ ሳቅም አስፈራኝ።

ቢያስነጥሰኝስ? እሽግ ስታስነጥሺ ከርመሽ አሁን ማስነጠስ ፈራሽ! አፍንጫዬን ባሳከኝ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ጋሼ የቀረውን ታሪክ ጽፈው አምጥተዋል። ቁንጫ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ናት። «በይ እንግዲህ፣ ለእናትሽ ታነቢላታለሽ» ብለው ሰጧት። አንዱ እግሯ ሌላውን ረገጠው።

ጥር 19

አነበበችልኝ! መጀመሪያ ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ ለቀቀችው።

ዶሮዋ ፖስተኛውን «ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ ልፍራልህ» ትለዋለች። በአፍንጫው እየቀዘፈ ማዕበሉን ያልፋል። ጋሼ በስተርጅና እንዲህ ቀልደኛ ሆኑ? ደግሞ ያለ መደናቀፍ ነው የምታነበው። አስተማሪዋ «ትዘናጋለች፣ አትተጋም» ስትለኝ የከረመችው ይህችን ልጅ ነው?

ለአንድ ሰዓት ያህል ዓይኔን ረሳሁት። ዝም ስትል ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ። ይህን ሁሉ ማን ይስለዋል?

ጥር 20

እሽጉ ተከፈተ። ውስጡ ያለችው የግዙፉ ሰውዬ ታናሽ እህት ናት! ቡጢ የምታክል። ከቤት ጠፍታ ስትንከራተት ከረመች፣ መመለሻው ጠፋባት፣ ሰው መጠየቅ አፈረች። ስለዚህ ቴምብር ግንባሯ ላይ ለጥፋ ራሷን በፖስታ ላከች። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጭድ ነው ሲያስነጥሳት የነበረው።

ቀለበቱ ትራስ ላይ ሳቅኩም አለቀስኩም። ማልቀስ ይፈቀድ ይሆን? ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ጥር 22

ጋሼ መጡ። ዛሬ ካልሲያቸው አንድ ዓይነት ነው። «ከጻፉት ሁሉ ይኼኛው ይበልጣል። በተለይ እህቲቱ!» አልኳቸው።

«የምን እህት?»

«እሽጉ ውስጥ ያለችው።»

«እሽጉ ውስጥ ያለው የሚደውል ሰዓት ነው። ጉንፋን የያዘው ሰዓት። ምን ነካሽ አንቺ?»

የቁንጫ እግሮች ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመሩ።

«ቁንጫዬ...»

ቆሙ።

«ነይ። አልቆጣሽም።»

ጋሼ ገብቷቸው ነው መሰል «ውሃ ልጠጣ» ብለው ወጡ። እሷ መጣች። ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለችና ተንፏቅቃ ከፊቴ ሥር ገባች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ፊት ለፊት ያየሁት የመጀመሪያ ፊት የሷ ነው። በጭጋግም ቢሆን።

«ማንበብ ስላስጠላሽ ነው?»

«አልችልም።»

«እንዴት አትችይም? ክፍል እያለፍሽ...»

«ጓደኛዬ ቀድማ ታነበዋለች፣ እኔ በቃሌ እይዘዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ሽንቴ መጣ እላለሁ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺ ዝንቦች ይበሩብኛል ብለሽ የለ? እኔ ፊደሎቹ ናቸው የሚበሩብኝ። "በ" ን ስይዛት "ለ" ትሆናለች። አንዷን እስካስታውስ የቀሩት ይጠፋሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ መጽሐፍ ነው የምትሠሪው። ታፍሪብኛለሽ ብዬ።»

እጄን ሰድጄ ጉንጯን ያዝኩ። ቀና ብዬ ላቅፋት አልችልም። እንባዬ ግንባሯ ላይ ጠብ ሲል ጠረገችና «ጋዙ ነው?» አለች።

ጥር 23

ከኔ ወርሳው ቢሆንስ? የሷም ዓይን እየተላቀቀ ቢሆንስ? ባሌን «ሐኪም ቤት ይዘናት እንሂድ» አልኩት። «እሺ» አለ። የጫማውን ማሰሪያ አስሮ ፈታ፣ አስሮ ፈታ።

ለራሴ መፍራት ትቻለሁ ልል ነበር። ውሸት ነው። ለሁለታችንም ነው የምፈራው።

ጥር 27

ሽፋኑ ተጣብቋል። ቀና በይ ተባልኩ! አንገቴ ግን እንቢ አለ፤ አንድ ሰው ወደ ታች ይጎትተኛል ብዬ እጠብቃለሁ። በቀኜ የማየው አንድ የሚዋልል መስመር ነው፣ ከላዩ ብርሃን፣ ከሥሩ ውሃ የመሰለ ነገር። ግንበኛ የሚለካበት ውሃ ልክ ነው የሚመስለው። ጋዙ እስኪጠፋ ነው አሉ። «ሌላኛውም ዓይንዎ ክትትል ያስፈልገዋል» አለችኝ ሐኪሟ።

የቁንጫን ዓይን ስትመረምር ትንፋሼን ያዝኩ። ወንበሩ ላይ እግሯ መሬት አይደርስም። ባሌ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ ያነባል፣ ደጋግሞ፣ ከላይ ወደ ታች።

«ዓይኗ ጤነኛ ነው» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ልጄ አስጠጋች፣ ለኔ ሳይሆን ለሷ ማስረዳት ጀመረች። «ፊደልን ከድምፁ ጋር ማያያዝ የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ። ብዙ ናቸው። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች። በሌላ መንገድ የምታስተምር መምህር አውቃለሁ፣ እሷ ጋ እልክሻለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ደግሞም ይከብዳል። ግን ታነቢያለሽ።»

ቁንጫ አየቻት።

«ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደለሽም።»

ባሌ ድንገት «መኪናውን ላሙቅ» ብሎ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ግን አልሰማንም።

የካቲት 16

ጋዙ ጠፋ። ዛሬ እርሳስ ያዝኩ።

የበሩ መቃን ሆድ አውጥቷል። ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ገንዳውን ሳልኩት፣ የተረገጠ ቆርቆሮ መሰለ። ቀደድኩት። እንደገና። ቀደድኩት። እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን ይከራከረዋል። እንዲህ ሆኖ ይቀር ይሆን? ሐኪሟ «ሊሻሻል ይችላል፣ ላይሻሻልም ይችላል» ነው ያለችው።

ጋሼ የቀደድኩትን ከወለሉ ለቅመው አዩ። እያዘኑልኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። «ግራ ጎኑ ተበላሽቷል» አሉ። «ቀኙ ደህና ነው። እንደገና ሥሪው።» ስላላባበሉኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቁንጫ ፊት ተቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። «የኔ ሰዓት በእህቲቱ ተሸንፏል። እሷን ትሰጪኛለሽ ወይ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

አሰበችበት። «ቃሎቹ አጭር አጭር ይሁኑ። ፊደሎቹም ይራራቁ፣ እንዳይጋፉ።»

«ሌላስ?»

«አፍንጫው አይነስ።»

መጋቢት 30

ከመምህሯ ቤት በአውቶብስ ስንመለስ ነው። በሥራ ቀን፣ ሰው ሞልቷል። ቀኝ ዓይኔ በጠራራ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር አሁንም እደነግጣለሁ። ዛሬም ደነገጥኩ። የመስኮት ነጸብራቅ ነበር።

መውረጃችን ሲቃረብ ቁንጫን ወደ በሩ አስቀደምኳት። ቀና ብላ ቆመች፣ ከበሩ በላይ የተጻፈውን እያየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጣቷን አየር ላይ አንስታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትነካለች።

«በ... በር... ላ... ላይ...»

አውቶብሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«መ... መቆ... መቆም...»

ከኋላ ያለ ሰውዬ «የሚወርድ ካለ ይውረድ እንጂ!» አለ። ሁለት ሴቶች በጎኗ አልፈው ወረዱ። ትከሻዋን ልይዝ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

«ክ... ል... ክል... ክልክል... ነው።»

በሩ ተዘጋ። ተንቀሳቀስን። እሷ ሰፈራችን ሲያልፍ እንኳ አላየችም። ከመጀመሪያው ጀምራ በሹክሹክታ ደገመችው፣ በር ላይ መቆም ክልክል ነው፣ ከዚያ ዝቅ ብላ እግሮቿን አየች። የት እንደቆመች ገባት። «ውይ!» ብላ ወደኔ ዘለለች፣ ሰውዬውን ረግጣው፣ አውቶብሱ ሁሉ ሳቀ።

«እማዬ፣ ክልክል ነው እኮ!»

«አዎ።»

«አንብቤው ነው!»

«ሰማሁሽ።»

ከሚቀጥለው ፌርማታ ተመልሰን በእግራችን መጣን። መንገድ ላይ ያገኘችው ታፔላ ሁሉ ሥር እየቆመች ስታነብ ዘገየን፤ ቤት ስንደርስ ባሌ በር ላይ ወጥቶ ይጠብቀን ነበር። «የት ጠፋችሁ? ፈርቼ ነበር እኮ» አለን። ቁንጫ በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችው።

«በር ላይ አትቁም» አለችው።