ሰው ሲሰሙ የኖሩት አቶ ዳርጌ መኮንን

አቶ ዳርጌ መኮንን ከአባታቸው ከአቶ መኮንን ሙሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ማርያም ዓባይነህ በ1936 ዓ.ም. በጂንካ አቅራቢያ ተወለዱ። ከጎረቤት ልጆች ጋር አሪኛ እየተናገሩ አደጉ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ንብረት ነው። እሱን ግን ማንም አንቱ አይበለው፤ አይገባውም።

ትምህርታቸውን ፈጽመው ጤና ረዳት ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካል ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. ለአእምሮ ሕክምና ሥልጠና አዲስ አበባ ተልከው ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን ሕክምና፣ ሕመምተኛው ጋደም ብሎ ሕልሙንና የልጅነቱን ነገር እንደመጣለት የሚያወራበትን፣ ተምረው ተመለሱ። «የእኛ አገር ሰው በባዳ ፊት አይጋደምም» ብለው ግን ሕመምተኛውን ይዟት በሚዞራት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በበርኮታው ላይ፣ ጀርባውን ወደ እሳቸው አዙሮ እንዲቀመጥ ያደርጉ ነበር። ክኒንም የሚያስፈልገውን አልነፈጉም።

የሚሠሩበት ክሊኒክ ኃላፊ ንብረት ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጊዜው አልፎበታል፤ ዘመኑ የመርፌ ነው» እያለ ይሞግታቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ።

በ1976 ዓ.ም. ልጁ ለግዳጅ ሄዶ ከቀረበት ወዲህ አንደበቱ የተዘጋ ጎሳዬ የሚባል ገበሬ ከካኮ መጣ። ሦስት የገበያ ቅዳሜ ጀርባውን ሰጥቶ ዝም አለ። አቶ ዳርጌም አብረውት ዝም አሉ። በአራተኛው ቅዳሜ የልጁን ስም ጠርቶ ማልቀስ ሲጀምር ንብረት በሩን በርግዶ ገባ። «ወረፋው እኮ ደጅ ደረሰ፣ ኧረ ጨርሱ!» አለና ሰውየውን በመርፌ ወግቶ ሸኘው። ጎሳዬ ዳግመኛ አልመጣም፤ በገበያ ያዩት ሁሉ እስከ ዛሬ አይናገርም ይላሉ። አቶ ዳርጌ ወንድማቸውን አልተቆጡም። ምነው በተቆጡት ኖሮ!

በ1983 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጠናባቸው። ጥር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ «ንብረቴ፣ መርፌውን አቆየውና ቁጭ በል፤ የምነግርህ አለኝ» አሉት። እሱም ስቃያቸውን ማየት አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የጎሳዬን ነገር እንዳያነሱበት ፈራ። «ይደርሳል ጋሼ፣ አሁን ይረፉ» ብሎ የሚያስተኛውን መድኃኒት ወጋቸው። በማግስቱ ጥር 9 ቀን፣ ሳይነቁ፣ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ምን ተናግረው እንዳለፉ ይጠይቀዋል።

አቶ ዳርጌ ባለቤታቸውን ወ/ሮ አስካልን፣ ልጆቻቸውን ሐናንና ሮማነወርቅን፣ እንዲሁም አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛ ያልሰማንላቸውንም እሱ ይስማቸው። አሜን።